አንዷን አዝላ፣ አንዷን ትታ

«ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ» — የመምህሩ ዓምድ

ባለፈው እትም ስለ ልጆች የቤት ሥራ ከጻፍኩ በኋላ ብዙዎቻችሁ በቦኖ ሰልፍ ላይም፣ በራሽን ቀንም አስቁማችሁኝ ሐሳባችሁን ሰጥታችሁኛል። አመሰግናለሁ። ዛሬ ደግሞ የማጫውታችሁ ከአንዲት እናት ጥያቄ የተነሣ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወጥተው ሰሌዳውን ስጠርግ አንዲት ሴት በራፉ ላይ ቆመች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያርጉልኝ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።»

«ግቢ እህቴ፣ ተቀመጪ» አልኳት። የልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ልጇ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ የኔው ተማሪ። እናትየዋ የኛው አገር ሰው ስትሆን አባትየው የሌላ አገር ስደተኛ ነው። እዚሁ ካምፕ ተዋወቁ፣ ተጋቡ። አሁን አብሯቸው የለም። ልጅቱ ቦኖ ላይ በጀሪካን ወረፋ ከእኩያዋ ጋር ተጣላችና «አንቺ ግማሽ! ወደ አባትሽ ብሎክ ሂጂና ቅጂ» ተባለች። ወደ አባቷ ሰዎች ብሎክ ስትሄድ ደግሞ እዚያ ያሉት ልጆች «ሐበሻ መጣች» እያሉ ያባርሯታል። ማታ ጀሪካኗን ባዶውን ይዛ ገባችና «እማዬ፣ እኔ የማን ነኝ?» አለቻት።

«መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ምን ብዬ ልመልስላት?» አለችኝ።

ይኸው ስንት ዓመት ጠመኔ ስይዝ ኖሬ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምመልሰው አጣሁ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ግን ይሄ ለትልቅ ሰው እንጂ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መልስ አይሆንም። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ተጋድሜ ሳወጣ ሳወርድ፣ አንድ ጊዜ ለትምህርት ቤታችን በእርዳታ ከመጡት መጻሕፍት መሐል ያነበብኩት ቀጭን መጽሐፍ ትዝ አለኝ። የጻፈችው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ፣ አቦርጂን የሚባሉት ሰዎች ልጅ ናት። ስሟ ዶሪስ ፒልኪንግተን ይባላል። ሌላም ስም አላት፤ እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የጥንቸሉ አጥር

ታሪኩን የምጀምረው ከጥንቸል ነው። አትሳቁ፣ ነገሩ የምር ነው። በ1859 አንድ ባለ ርስት እንግሊዛዊ ለአደን መዝናኛ ይሆነኛል ብሎ ሁለት ደርዘን ያህል ጥንቸል ከአገሩ አስመጥቶ በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ለቀቀ። ጥንቸሎቹ ተዋለዱ፣ በዙ፣ ሣሩንም እህሉንም እየጨረሱ ወደ ምዕራብ ገሰገሱ። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ተጨነቀና ከ1901 እስከ 1907 ድረስ ከደቡቡ ባሕር እስከ ሰሜኑ ባሕር 1,833 ኪሎ ሜትር የሽቦ አጥር አጠረ። አጥሩ ሳያልቅ ግን ጥንቸሎቹ ቀድመው አልፈው ነበር።

በዚያ አጥር ላይ፣ በበረሃው ዳር፣ ጂጋሎንግ የሚባል ቦታ አለ። መጀመሪያ አጥሩን ለሚጠግኑት ሠራተኞች የተቋቋመ ጣቢያ ነበር። ኋላ ማርዱ የሚባሉት የበረሃ ሰዎች ከአደን ኑሯቸው ቀስ በቀስ እየወጡ በዙሪያው ሰፈሩ። መንግሥት በዚያ ራሽን ያድላቸው ጀመር። ራሽን ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ሰው መጀመሪያ ዱቄቱን ሊወስድ ይመጣል፣ ከዚያ ዱቄቱ ባለበት ይቀመጣል፣ ከዚያ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ከአጥሩ ተቆጣጣሪዎች አንዱ ቶማስ ክሬግ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ሞድ ከምትባል የማርዱ ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቱ ሞሊ ተባለች። ሞሊ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ ቀላ ያለች ስለነበረች የሰፈሩ ልጆች ያሾፉባት ነበር። ጥቁርም አይደለሽ ነጭም አይደለሽ እያሉ ማለት ነው። የቦኖውን ነገር አስታወሳችሁ? ኋላ ግሬሲና ዴዚ የሚባሉ፣ እንደሷው አባታቸው ነጭ የሆነ፣ ታናናሽ ዘመዶቿ ሲወለዱ ብቸኝነቷ ቀለለላት።

የልጆች ሹፈት ያልፋል። የማያልፈው መዝገቡ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ በ1905 የወጣ ሕግ ነበር። በሕጉ መሠረት «የአቦርጂኖች ዋና ጠባቂ» የሚባል ሹም ተሾመ። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ማንኛውም የአቦርጂን ወይም የክልስ ልጅ ሕጋዊ አሳዳጊው ይሄ ሹም ነው። እናትየዋ በሕይወት ቁማ እያለች ማለት ነው! ከ1915 እስከ 1940 በዚህ ወንበር የተቀመጠው ኔቪል የሚባል ሰው ነበር። ቢሮው ሰውን እንደ ራሽን ይሰፍር ነበር፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ። ሐሳባቸው እንዲህ ነበር፦ ነጭ ደም ያለበትን ልጅ ከእናቱ ለይተን በኛ ወግ እናሳድገው፣ ሴቷን የቤት ሠራተኛ፣ ወንዱን የከብት እረኛ እናድርገው፣ በጋብቻም ከትውልድ ወደ ትውልድ ጥቁረቱ እየሳሳ ሄዶ ይጥፋ። ቋንቋውም፣ ወጉም፣ የእናቱ ትዝታም አብሮ ይጥፋ። ይሄንን የሠሩት ሰዎች ራሳቸውን ክፉ አድርገው አላዩም። «ለልጆቹ ይጠቅማል» ይሉ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ዘጠኝ ሳምንት በእግር

በ1931 አንድ ፖሊስ ወደ ጂጋሎንግ መጣና ሞሊን፣ ግሬሲንና ዴዚን ወሰዳቸው። ሞሊ 14 ዓመቷ ገደማ ነበር፤ ዴዚ 8። እናቶቻቸውና አያቶቻቸው እንደ ሞተ ሰው አለቀሱላቸው። ልጆቹ የተወሰዱት ከፐርዝ ከተማ በስተሰሜን ወደሚገኝ ሙር ሪቨር ወደሚባል የመንግሥት ሰፈር ነው። እዚያ ሌሊት በር ይቆለፍባቸዋል። የእናታቸውን ቋንቋ መናገር ክልክል ነው።

ሞሊ ብዙ አልቆየችም። በማግሥቱ ሁለቱን ይዛ ጠፋች። ካርታ የላት፣ ጫማ የላት። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፦ የጥንቸሉ አጥር በጂጋሎንግ በኩል ያልፋል፤ አጥሩን ካገኘሁ እናቴን አገኘሁ። አባቷ የተቆጣጠረው አጥር ወደ እናቷ መራት ማለት ነው።

መንገዱ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲገባችሁ፦ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በሞያሌ አድርጋችሁ ናይሮቢ ድረስ ያለውን የመኪና መንገድ ያህላል። ሦስት ልጆች፣ በባዶ እግር፣ ዘጠኝ ሳምንት! ጥንቸል እየያዙ ጠብሰው በሉ፣ በቁጥቋጦ ሥር ተኙ፣ እግራቸው ሲቆስል ትንሿን በተራ አዘሉ። ከእርሻ ቤቶች ምግብ ለምነው የሰጧቸው ነጭ ሴቶች ነበሩ፤ ከሰጡ በኋላ ወደ ፖሊስ የደወሉም ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሰው መንገድ ላይ ያላገኘ ከመሐላችን ስንቱ ነው? ግሬሲ መንገድ ላይ «እናትሽ ዊሉና በምትባል ከተማ አለች» ስለተባለች ወደዚያ ተለይታ ሄደችና ተያዘች፤ ወደ ሰፈሩም መለሷት። ሞሊና ዴዚ ግን ጂጋሎንግ ገቡ። ቤተሰባቸውም ወዲያው ወደ በረሃው ጠልቆ ሸሸጋቸው።

ኑጊ እና ዶሪስ

ሞሊ አድጋ የከብት ጠባቂ አገባች፤ ባልፎር ዳውንስ በሚባል የከብት እርባታ ከባሏ ጋር ተቀጠረች። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው እዚያው፣ ዊንታማራ የሚባል ዛፍ ሥር ነው። ስሟን ኑጊ አለቻት። የእርባታው እመቤት ግን ይሄ ምን የማይረባ ስም ነው ብላ ዶሪስ አደረገችው። የተወለደችበትን ቀን የጻፈ ስለሌለ የመንግሥት ቢሮ ሐምሌ 1 ቀን 1937 ብሎ መዘገባት።

ልብ በሉልኝ! በካምፓችን ስንት ሰው ነው «ጃንዋሪ 1» የተወለደው? በኔ ክፍል ካሉት ልጆች እንኳ ብዙዎቹ ወረቀታቸው ላይ አንድ ቀን ነው የተወለዱት። ልደት ስናከብር በአንድ አምባሻ እንገላገል ነበር ብለን እንቀልዳለን። እናታቸውን ብትጠይቁ ግን «ማሽላው አሽቶ»፣ «ያ ትልቁ ጎርፍ በመጣ በሳምንቱ» ብላ ልክ ትነግራችኋለች። ጃንዋሪ 1 የጠረጴዛው ቀን ነው፤ ጎርፉ ግን የእናት ቀን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደረስን። በ1940 ሞሊ ትርፍ አንጀት ታመመችና ለኦፕራሲዮን ወደ ፐርዝ ተወሰደች። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ኑጊና ገና ጡት ያልጣለች ታናሽ እህቷ። ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ቤቷ አላሰናበቷትም። ከነልጆቿ ወደዚያው ወደ ሸሸችው ሰፈር፣ ወደ ሙር ሪቨር ላኳት። አቤቱታ አቀረበች፣ የሚሰማ አላገኘችም። ስለዚህ በ1941 ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣች፤ ያንኑ መንገድ፣ በእግሯ። ሁለት ልጅ ተሸክሞ ያንን በረሃ ማቋረጥ አይቻልም። የአንድ ዓመት ከመንፈቋን አዘለች። ኑጊን፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላትን፣ እዚያው ተወቻት።

ጂጋሎንግ ደረሰች። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ያችን ያዘለቻትንም መጥተው ወሰዱባት። በፐርዝ በሚገኝ የልጆች ማሳደጊያ አስገቧት። ሞሊ ያችን ልጇን ዳግም ሳታያት በጥር 2004 አረፈች። ስለዚህ አንዷን ለማዳን አንዷን ትታ፣ ያዳነቻትን አጣች፤ የተወቻት ናት ተመልሳ የመጣችላት።

ልጅ እናቷን ስትፈልግ

ዶሪስ በሙር ሪቨር፣ ከዚያም ሮላንድስ በሚባል ሚሽን አደገች። የእናቷ ሕዝብ ወግ የሰይጣን ነው ተብላ ተማረች። እናቴ ጥላኝ ሄደች ብላም ለብዙ ዓመት ቂም ይዛ ኖረች። በ18 ዓመቷ ከሚሽኑ ልጆች የመጀመሪያዋ ሆና ለረዳት ነርስነት ሥልጠና ፐርዝ ሆስፒታል ገባች። አገባች፣ ስድስት ልጆች ወለደች። እናትና ልጅ የተገናኙት በ1962 ነው፤ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ። አራት ዓመት ሳይሞላት የተለየቻት ሴት፣ ራሷ የልጆች እናት ሆና ቀረበቻት።

እዚህ ላይ ታሪኩ በእንባና በዕልልታ አለቀ ብትሉ ተሳስታችኋል። መገናኘት አንድ ነገር ነው፣ መተዋወቅ ሌላ ነው። ልጆቻቸውን ከአሥር ዓመት በኋላ በቤተሰብ ማገናኘት ያገኙ ሰዎች በመሐላችን አሉ፤ እነሱ ያውቁታል። ዶሪስ እናቷን ለማወቅ ገና ብዙ ዓመት ፈጀባት። ያንን የዘጠኝ ሳምንት መንገድ ዘርዝራ የነገረቻት እናቷ አይደለችም፤ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችው አክስቷ ዴዚ ናት። ብዙ የተሠቃየ ሰው ለልጁ አይተርክም፤ ሆድ ይፍጀው ይላል። አክስትና አጎት ግን ያወራሉ።

ዶሪስ ትልቅ ሰው ሆና ፐርዝ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተማረች። ከዚያ ወደ መንግሥት መዝገብ ቤት ገባች። እናቷን ያሳደዱት ሹማምንት የተጻጻፉት ደብዳቤ፣ የላኩት ቴሌግራም፣ በጋዜጣ ያስነገሩት ማስታወቂያ ሁሉ ተጠብቆ ተቀምጧል። ሴቶቹ ማንበብ መጻፍ አይችሉም፣ ቀንና ቁጥርም አይቆጥሩም፤ የሚያስታውሱት ዝናቡን፣ ወንዙን፣ የበሉትን ነው። መዝገቡ ደግሞ ቀኑን ያውቃል፣ ረሃቡን አያውቅም። ዶሪስ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አንድ ላይ ሰፋቻቸው። የልጅ ሥራ ማለት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ጽፋ ስታቀርብ «እንደ ትምህርት ቤት ጥናት ነው የሚነበበው» ብለው መለሱላት። ተስፋ አልቆረጠችም። እሱን አስቀምጣ ልብ ወለድ ጻፈች። ያ ልብ ወለድ በ1990 ለአቦርጂን ጸሐፊዎች የሚሰጠውን የዴቪድ ዩናይፖን ሽልማት አሸነፈ። (ዩናይፖን መጽሐፍ በማሳተም የመጀመሪያው አቦርጂን ነው፤ መልኩ በአውስትራሊያ የ50 ዶላር ኖት ላይ አለ።) የእናቷን ታሪክ የያዘው መጽሐፍ በ1996 ታተመ። በ2002 ፊልም ሆነ፤ መጨረሻው ላይ እውነተኞቹ ሞሊና ዴዚ፣ አርጅተው፣ በምድራቸው ላይ ሲሄዱ ይታያሉ። የራሷን የዶሪስን ሕይወት የሚናገረው መጽሐፍም በዚያው ዓመት ወጣ። ርዕሱ የተወለደችበትን የዊንታማራ ዛፍ የሚጠራ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በእነሱ ቤት ብቻ አልነበረም። በ1997 የወጣ አንድ የመንግሥት ኮሚሽን ጥናት ከ1910 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት ከአሥር የነባር ሕዝብ ልጆች ቢያንስ አንዱ፣ በአንዳንድ ቦታ ከሦስት አንዱ፣ በግድ ከቤተሰቡ ተለይቶ ነበር ይላል። «የተሰረቁት ትውልዶች» ይሏቸዋል። የካቲት 13 ቀን 2008 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር በፓርላማ ቆመው በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ሞሊ አልሰማችውም፣ ከአራት ዓመት በፊት አርፋለች። ዶሪስ ግን ሰማች። እሷም በ2014 በ76 ዓመቷ ፐርዝ ውስጥ አረፈች። 76 የምንለው እንግዲህ በቢሮው ልደት ነው።

እኛስ?

የነሱ ታሪክና የኛ አንድ ነው አልልም። እኛን ልጅ በሕግ ከእቅፋችን የወሰደብን የለም፤ ጦርነት፣ ፍርሃት፣ ድህነት ነው የበተነን። ግን በኛም አካባቢ ከሁለት ወገን መወለድ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል እናውቃለን። ከ1998 እስከ 2000 በነበረው ጦርነት ጊዜ ስንት ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ የተጋቡ ቤተሰቦች ከመሐል ለሁለት እንደተከፈሉ፣ ልጆቹ በየትኛው ወገን እንደቀሩ፣ ከናንተ መሐል በዓይኑ ያየ አለ። የትልቅ ሰው ነገር ወደ ልጆች ይወርዳል። ቦኖው ጋ «ግማሽ» የምትለዋ ልጅ ቃሉን ከየት አመጣችው? ከቤት ነው። ከኛ ነው።

አሁን ስለራሴ ልናገር። ይሄንን እዚህ ዓምድ ላይ ጽፌ አላውቅም። እኔም አንዱን ይዤ አንዷን የተውኩ አባት ነኝ። ከአገር ስወጣ እናታቸው አርፋ ነበር። ወንዱ ሰባት ዓመቱ፣ በእግሩ መሄድ ይችላል። ሴቷ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ሳምንት ትኩሳት ይዟት ነበር። ድንበር ለመሻገር የቀጠርነው ሌሊት ደረሰ። ለእናቴ ሰጠኋትና ወጣሁ። ይኸው አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አምና በስልክ ስናወራ «አባዬ፣ ወንድሜን ነው አይደል የመረጥከው?» አለችኝ። መልስ ሳልጀምር ካርዱ አለቀ። እውነቱን ልንገራችሁ? ካርዱ በማለቁ ደስ አለኝ።

የዶሪስን መጽሐፍ እንደገና ሳስበው ያፈርኩት በዚህ ነው። እኔ ዝም ያልኩት ልጄ እንዳታዝን ብዬ መስሎኝ ነበር። ዶሪስ ግን ሃያ ዓመት የተጎዳችው በመተዋ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደተተወች የሚነግራት ባለመኖሩም ጭምር ነው። ባዶውን ቦታ ሌሎች ሞሉላት፤ «እናትሽ አትፈልግሽም፣ ሕዝብሽ የሰይጣን ነው» በሚል። እኛ ካልነገርናቸው የሚነግራቸው አይጠፋም።

ስለዚህ ለልጄ አራት ገጽ ጻፍኩላት። ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ሌሊቱ፣ የለበሰችው ቀይ ሹራብ እንደነበር፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ያለችኝን፣ ሦስት ጊዜ ተመልሼ እንዳየኋት። «አልመረጥኩም» ብዬ አልጻፍኩም፤ መርጫለሁና። ለምን እንደሆነ ነው የጻፍኩት። ወደ አገር የሚሄድ ሰው ይዞልኝ ሄደ። መልስ ገና አልመጣም። እጠብቃለሁ።

ያች እናትስ? በሳምንቱ ከነልጇ ጠራኋቸው። ለልጅቱ «አትስሚያቸው» ብዬ አልመከርኳትም፤ ውኃ የምትቀዳው እዚያው ቦኖ ነውና መስማቷ አይቀርም። የሞሊንና የኑጊን ታሪክ ከጥንቸሉ ጀምሬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማች። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦

«ቲቸር፣ ስሟን መለሰችው? ኑጊ የሚለውን?»

«አዎን» አልኳት። «መጽሐፉ ሽፋን ላይ ሁለቱም ተጽፏል፦ ዶሪስ ፒልኪንግተን፣ ኑጊ ጋሪማራ። አንዱን ለአንዱ ብላ አልጣለችም።»

እናትየዋ እዚያው ቁጭ እንዳለች ለልጇ ስለ አባቷ ታወራላት ጀመር። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ፣ መጀመሪያ ያበሰለላት ምግብ ምን እንደሆነ፣ የሱ እናት ማን ትባል እንደነበር። ልጅቱ ይሄንን ሰምታ አታውቅም ኖሯል። እኔ ሰሌዳዬን መጥረግ ቀጠልኩ። በማግሥቱ ደብተር ሳርም የሷ ሽፋን ላይ ከስሟ ቀጥሎ ሁለት የአያት ስም ተጽፎ አየሁ፤ አንዱ የኛ አገር፣ አንዱ የዚያኛው።

ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የሩብ ደብተር ያዙለትና እነዚህን አራት ነገሮች ጻፉለት። መጻፍ የማትችሉ ንገሩት፣ እሱ ይጻፍ።

1ኛ. ያወጣችሁለት ስም ማን ነው? ማን አወጣው? ለምን? ወረቀት ላይ ስሙ ከተለወጠ የመጀመሪያውን ጻፉ።

2ኛ. መቼ ተወለደ? ጃንዋሪ 1ን ተዉት። ዝናብ ነበር ወይስ በጋ? የት ቤት፣ የትኛው ዛፍ ሥር? አዋላጇ ማን ነበረች?

3ኛ. የአባቱም የእናቱም ወገን፣ የምታውቁትን ያህል ወደ ላይ ቁጠሩ። ሁለቱንም። ከወገኖቹ አንዱን ብትጠሉት እንኳ ስሙን ጻፉ፤ ጠቡ የናንተ እንጂ የልጁ አይደለም።

4ኛ. በመንገዱ ላይ ማን ታዘለ? ማን ቀረ? ለምን?

አደራ የምላችሁ፣ ይሄ ለኬዝ ወይም ለኢንተርቪው የሚሆን ወረቀት አይደለም። ለማንም ቢሮ አትስጡት። የልጁ ነው። ቤት ውስጥ ከአይጥና ከጎርፍ ጠብቃችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። አራተኛውን ጥያቄ ዛሬ መመለስ ያቃተው ሰው ደግሞ ገጹን ባዶ ይተው፤ ቀኑ ሲደርስ ይጽፈዋል። እኔም አሥራ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጽሕፈት ለሚቸግራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ እገኛለሁ። ትልልቆቹ ተማሪዎቼም ያግዛሉ። ከየትኛውም ብሎክ፣ ከየትኛውም አገር የሆነ ሰው ይምጣ። እስክሪብቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የኛ እያለቀ ነው።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።